የዋካ ዋጋ፦ ቅጂው ቅጂ ተብሎ ይሸጥ

ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው አርባ ምንጭ፣ አባያንና ጫሞን ቁልቁል የሚያዩት የሴቻ ሆቴሎች ወደ ኮንሶና ደቡብ ኦሞ ለሚወርደው ቱሪስት ማረፊያ ናቸው። እንግዳው ሲመለስ ይዞት ሊሄድ የሚፈልገው የዶርዜን ጋቢ ብቻ አይደለም። የኮንሶን ዋካም ይፈልጋል። ጥያቄው የትኛውን ዋካ የሚለው ነው።

ዋካ ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው መታሰቢያ ከእንጨት ጠርበው የሚያቆሙት ሐውልት ነው። ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ የገደለ ሰው ሲሞት የእርሱ፣ የሚስቶቹና የገደላቸው ምስል ጎን ለጎን ይቆማል።

ኦሪጅናሉ ሸቀጥ አይደለም

ባለፉት አሥርተ ዓመታት ብዙ ዋካዎች ከቆሙበት እየተነቀሉ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ከሌቦች እጅ የተመለሱት ካራት ከተማ በሚገኘው የኮንሶ ሙዚየም ተቀምጠዋል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል። ስለዚህ አሮጌ ዋካ ይዞ ገዢ የሚፈልግ ደላላ የያዘው ዕቃ ሳይሆን ክስ ነው።

ለነጋዴው የቀረው ሕጋዊ መንገድ ቅጂው ነው። ቅጂ ደግሞ የድሃ ገበያ አይደለም።

የጃፓኖች መንገድ

ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ ያወጣው “ታላቁ ማዕበል” በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል ነው። በዘመኑ በሺዎች የሚቆጠር ኮፒ ታትሞ በርካሽ ተቸብችቧል። ከእነዚያ ኮፒዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ 2.76 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

ይህን ያህል የሚከፍል ጥቂት ነው። ለሌላው ገዢ ቶኪዮ የሚገኘው የአዳቺ ተቋም ያንኑ ሥዕል እንደ ጥንቱ በቼሪ እንጨት ላይ እንደገና ቀርጾ፣ በእጅ በተሠራ ወረቀት ላይ በእጅ እያተመ ይሸጣል። አዲስ መሆኑን አይደብቅም። ገዢው የሚከፍለው ለባለሙያው እጅ እንጂ ለዕቃው ዕድሜ አይደለም። በዚህም ገበያ ሙያው ከነባለሙያው ኖሯል።

የሴቻ ነጋዴ ምን ያትርፍ?

አዲስ ዋካ አስጠርቦ፣ በጢስ አጥቁሮና አፈር ውስጥ ቀብሮ “የጥንት ነው” ማለት ለአንድ ቀን ያዋጣ ይሆናል። ጣጣው ቦሌ ላይ ይመጣል። አሮጌ የሚመስል ዕቃ ይያዛል፤ ቱሪስቱም ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ አምጣ ይባላል። ዕቃው ቅርስ አይደለም ተብሎ ቢለቀቅ እንኳ ገዢው መታለሉን እዚያው ያውቃል፤ ላመጣው አስጎብኚ ይነግራል። አስጎብኚው ደግሞ የሚቀጥለውን ቡድን ወደዚያ ሱቅ አያወርድም።

ሁለተኛው ጉዳይ እንጨቱ ነው። በቅጡ ያልደረቀ እንጨት ማሞቂያ ያለበት ቤት ሲገባ ይሰነጠቃል። ልጥ ወይም ነቀዝ ያለበትን ደግሞ እንደ አውስትራሊያ ያሉ አገሮች ኬላቸው ላይ ይይዙታል። ጠንካራና በሚገባ የደረቀ እንጨት መግዣው ቢወደድም፣ ቅጂው ለልጅ ልጅ የሚተርፈው በእርሱ ነው።

መፍትሔው ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ከሥሩ “ቅጂ” የሚል ቃል፣ የጠራቢው ስም፣ የተሠራበት መንደርና ዓመተ ምሕረት ተቀርጾበት፣ የእንጨቱ ዓይነት በደረሰኝ ላይ ሲሰፍር፣ ተራ የመታሰቢያ ዕቃ የነበረው ባለቤት ያለው ሥራ ይሆናል። ጠራቢው በስሙ ስለሚጠራ ለጥራቱ ይጨነቃል፤ ነጋዴውም ለዋጋው ምክንያት ያገኛል።

ቅጂው በስሙ ሲሸጥ የሚተርፈው ነጋዴው ብቻ አይደለም። ዋካ የመጥረብ ልማድ በኮንሶ እየጠፋ ነው፤ ሐውልት የሚያሠራ ሲጠፋ የጠራቢውን እጅ የሚያቆየው ገዢ ነው። መቃብር ላይ የቆመውም በቦታው ይቆያል።