ከወረርሽኙ ሐውልት እስከ እናቶች አዳኝ ቤት

የሃንጋሪን ዋና ከተማ ቡዳፔስትን የዳኑብ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ሜዳማው ወገን ፔስት፣ ኮረብታማው ቡዳ ይባላል። ሁለቱ ከኦቡዳ ጋር ተዋሕደው አንድ ከተማ የሆኑት በ1873 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በቡዳ ኮረብታ አናት ላይ ጥንታዊው የቤተ መንግሥት ሰፈር ይገኛል፤ የሰፈሩም እምብርት የቅድስት ሥላሴ አደባባይ ነው።

ወደዚህ አደባባይ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በማትያስ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ነው። ጣራው በልዩ ልዩ ቀለም ባሸበረቀ ሸክላ የተሸፈነ በመሆኑ ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ያለው ሥጋጃ ይመስላል። ቤተ ክርስቲያኑ በ13ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን፣ ቱርኮች ቡዳን በያዙበት ዘመን፣ ማለትም ከ1541 እስከ 1686፣ መስጊድ ሆኖ ቆይቷል። የዛሬ መልኩን የሰጠው ፍሪጄሽ ሹሌክ የተባለው አርክቴክት ነው። አጠገቡ ያለው «የዓሣ አጥማጆች ምሽግ» የተባለው ሕንፃም የእርሱ ሥራ ነው። ስሙ ምሽግ ይሁን እንጂ በ1902 ሲያልቅ የታሰበው ለጦርነት ሳይሆን ሰው ቆሞ ወንዙን ቁልቁል እንዲያይበት ነው። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ሰባቱን ማማዎች ማስቆጠር ጥሩ ጨዋታ ነው፤ የሃንጋሪያውያንን ሰባት የጥንት አለቆች የሚያስታውሱ ናቸውና። ልጆቹ ከደከሙ ደግሞ ከ1827 ጀምሮ የቆየው ሩስቩርም የተባለው ኬክ ቤት ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ቢራመዱ ነው።

አብዛኛው ጎብኚ አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ አንስቶ የሚያልፈው ግን በአደባባዩ መካከል የቆመውን ሐውልት ነው። የወረርሽኝ ሐውልት ነው። በ1691 በቡዳ ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀው። የተረፉት በሽታው እንዳይመለስባቸው ተስለው አንድ ሐውልት አቆሙ። ይሁንና በ1709 ወረርሽኙ ተመለሰ። ሕዝቡም ስእለቱን አልተወም፤ የፊተኛውን አንስቶ በ1713 ይህን የበለጠ ትልቅ ሐውልት ተከለ። የወረርሽኙ ተሐዋስ የታወቀው በ1894 ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ልጇ በትኩሳት ሲነድ የምታይ እናት ከስእለት በቀር የምትይዘው ነገር አልነበራትም። ሐውልቱን እንደ ጌጥ ብቻ አይቶ ማለፍ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ይህን ያየ ሰው ከኮረብታው ቁልቁል ወርዶ ታባን ወደተባለው ሰፈር ቢዘልቅ መልካም ነው። በዚያ «የእናቶች አዳኝ» የተባለው ሐኪም ኢግናትስ ሴሜልቫይስ የተወለደበት ቤት አለ። የነጋዴ ልጅ ሲሆን የተወለደው በ1818 ነው።

ሴሜልቫይስ በቪየና ትልቅ ሆስፒታል ሲሠራ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ያዋልዱ ነበር። በሐኪሞቹ ክፍል በአራስ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች እጅግ ይበዙ ስለነበር፣ ነፍሰ ጡሮች ወደዚያ እንዳይገቡ ይለምኑ ነበር። በመንገድ ላይ መውለድን የመረጡም ነበሩ። እነዚያ ሴቶች የሚያውቁትን የተማሩት ሐኪሞች አለማስተዋላቸው ያስደንቃል።

በ1847 አንድ የሴሜልቫይስ ወዳጅ ሐኪም በሬሳ ምርመራ ላይ ሳለ በተማሪ ቢላ እጁ ተቆርጦ ሞተ። የሕመሙም ምልክት ከአራሶቹ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሴሜልቫይስ ምሥጢሩን ያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ ሐኪሞቹ ሬሳ መርምረው በዚያው እጃቸው እናቶችን ያዋልዱ ነበር፤ አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም። ስለዚህ ወደ ወላዶች የሚገባ ሁሉ፣ በቤታችን ከምናውቀው በረኪና ጋር በሚዛመድ የክሎሪን ውኃ እጁን እንዲታጠብ አዘዘ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ከመቶ ወላዶች 18 ይሞቱ የነበሩት በሰኔ ወደ 2፣ በሐምሌ ወደ 1 ወረዱ።

ዋጋው ግን ምስጋና አልነበረም። እጃችሁ ነው የገደለው መባልን ብዙ ሐኪሞች አልወደዱትም። በ1849 የቪየና ሥራው ሳይታደስለት ቀረና ወደ ፔስት ተመልሶ በዚያም እናቶችን ማዳኑን ቀጠለ። በ1861 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እውነቱን ከማወቁ በፊት በእርሱ እጅ የሞቱትን ሴቶች ቁጥር እግዚአብሔር ብቻ እንደሚያውቀው ሳይደብቅ ጽፏል። በ1865 አእምሮው ታውኳል ተብሎ ቪየና ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ተዘጋበት፤ እዚያም በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባመረቀዘ ቁስል በ47 ዓመቱ ሞተ።

የተወለደበት ቤት ከ1965 ጀምሮ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ሆኗል። አጽሙም በዚያው ግቢ አርፏል።