ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሲገባ ባለሙያው ቀድሞ የሚጠይቀው «ፋይል አለበት?» ብሎ ነው። የብዙ ሰው መልስም ያው ነው፦ «ዋና ዋናዎቹ ዲ ላይ ናቸው።» ልማዱ ከንቱ አይደለም። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን በአብዛኛው የሚጸዳው ሲ ስለሆነ፣ ዴስክቶፕ ላይ የከመረውን ወደ ዲ ያሻገረ ሰው ከፎርማት ይተርፋል። ነገር ግን በአብዛኛው ላፕቶፕ ሲና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ከተበላሸ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ባክአፕ ሊባል የሚገባው ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ሌላ ዕቃ ላይ ያለ ቅጂ ብቻ ነው።

ምን ይቀመጥ የሚለውን ለመወሰን ከመጨረሻው መነሳት ይቀላል። ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢል ምን እንዲመለስልዎ ይፈልጋሉ? ዊንዶውስና ዎርድ እንደገና ይጫናሉ፤ ፊልምም ከየትም ይገኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጆች ፎቶ፣ የሱቁ ሒሳብ፣ ስካን የተደረገ የቤት ካርታ ግን ሌላ ቦታ የሉም። ከፎቶና ከቪዲዮ በስተቀር እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው።

ኮፒውን ማን ያድርገው? በእጅ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ለአንድ ሰሞን ይሠራል፣ ከዚያ ይረሳል። ስለዚህ ሥራውን ለራሱ ለኮምፒውተሩ መስጠት ይሻላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2012 ወዲህ፣ ፋይል ሂስትሪ የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሰኩ፤ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ፋይል ሂስትሪን ከፍተው «ተርን ኦን» የሚለውን ይጫኑ፤ በቃ። ዲስኩ እንደተሰካ እስከቆየ ድረስ በየሰዓቱ የተለወጠውን እየለየ ይቀዳል። አንድ ወጥመድ አለው፦ የሚቀዳው ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስን፣ ፒክቸርስንና የመሳሰሉትን ነው። ዲ ላይ ያለ ፎልደር ላይብረሪ ውስጥ ካልተጨመረ አይነካም፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ያደረገው ባለዲ እዚህ ጋ ይቀራል ማለት ነው።

ማክ ያላቸው በ2007 (በአውሮፓውያን) የመጣው ታይም ማሽን አለላቸው። ያለፉትን 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ያስቀምጣል፤ ዲስኩ ሲሞላ ከአሮጌው እየሰረዘ ይቀጥላል። የቆዩ ቅጂዎች ጥቅማቸው የሚታወቀው ባለፈው ሳምንት በስህተት ደምስሰው ሴቭ ያደረጉትን ምዕራፍ ሲፈልጉ ነው።

ዲስኩን ቀኑን ሙሉ ሰክቶ መተው ግን አይመከርም። በግንቦት 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ ዓይነት ቫይረስ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የተሰካውንም ዲስክ አብሮ ይቆልፋል። ቀድቶ ሲጨርስ ይንቀሉት። በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራባይት» ፍላሽንም አይመኑ፤ ብዙዎቹ መጠናቸውን ይዋሻሉ፣ ከሞሉ በኋላ የሚጻፍባቸው ፋይል አይከፈትም።

ቤቱ ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢገባ ዲስኩም ከላፕቶፑ ጋር ሊሄድ ስለሚችል፣ አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ መኖር አለበት። ጉግል በነፃ 15 ጊጋባይት፣ ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት ይሰጣሉ፤ ለሰነድ ይበቃል፣ ለሠርግ ቪዲዮ አይበቃም። ኢንተርኔቱም ገንዘብ ነው። ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክም ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን እርስዎ ካልላኩ አይሄድም። ከኮምፒውተሩ ጋር ሲንክ የሚያደርግ ድራይቭ ደግሞ እዚህ የተሰረዘውን እዚያም ይሰርዛል። ጉግል ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ያቆይልዎታል፤ ከዚያ በኋላ የለም።

ሰው ሁሉ የሚዘለው ግን መመለሱን መሞከር ነው። ጊትላብ የተባለው የፕሮግራም ጸሐፊዎች ድርጅት ጥር 31 ቀን 2017 (በአውሮፓውያን) አንድ ሠራተኛው በስህተት ዋናውን የመረጃ ቋት ሰረዘበት። ባክአፕ ይደረግ ነበር ተብሎ ሲታይ፣ መደበኛው ባክአፕ በሶፍትዌር ቨርዥን አለመጣጣም ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም አልደረሱም። ያዳናቸው ያው ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ የወሰደው ቅጂ ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት ባለሙያዎችን ከያዘ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ዲስክ ሳይሞክሩ ማመን ድፍረት ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ዲስኩን የጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ፋይል ሂስትሪ የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ፤ ፋይሎቹ ስማቸው ላይ ቀንና ሰዓት ተጨምሮባቸው ይገኛሉ። ሦስት አራቱን ከፍተው ያንብቡ።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላ ጉድ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ይሆናል። ፋይሉ ተመልሷል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም። እንደ ኒያላ ባለ የዩኒኮድ ፎንት የተጻፈ ይህ ችግር የለበትም። ለአሮጌዎቹ ፎንቱን ራሱን ከዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ገልብጠው ከደብዳቤዎቹ ጋር ያስቀምጡ፤ ያን ፎልደር ፋይል ሂስትሪ አይቀዳውም፣ ፎርማትም ያጠፋዋል።