ከደጅ የሚያስቀር ፍርሃት

እ.ኤ.አ. በ1871 ካርል ቬስትፋል የተባለ የበርሊን የአእምሮ ሐኪም የሦስት ወንዶችን ሕመም መዝግቦ አሳተመ። ሦስቱም ማስተዋላቸው ሙሉ ነበር። ሰፊ አደባባይ ወይም ጭር ያለ ጎዳና ብቻቸውን ለማቋረጥ ሲነሡ ግን ልባቸው በኃይል ይመታል፣ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ ያውቁታል፤ እግራቸው ግን እሺ አይላቸውም። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ሲያገኙ ይቀልላቸዋል። ቬስትፋል ሕመሙን «አጎራፎቢያ» ብሎ ሰየመው።

ፍርሃቱ በአደባባይ ብቻ አይወሰንም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ አምስት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፦ በሕዝብ ትራንስፖርት መጓዝ፣ ገላጣ ቦታ፣ የተዘጋ ቦታ፣ ወረፋ ወይም ግርግር፣ ብቻን ከቤት መውጣት። አንድ ሰው ቢያንስ ሁለቱን የሚፈራና የሚሸሽ ከሆነ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየበት ሕመሙ አጎራፎቢያ ሊሆን ይችላል። አምስቱን የሚያስተሳስራቸው አንድ ሐሳብ ነው፦ «እዚህ አንድ ነገር ብሆን በምን በኩል እወጣለሁ? ማንስ ይደርስልኛል?» በሞላ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሕመምተኛ ዓይኑ ከበሩ የማይነቀለው ለዚህ ነው።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ነው። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አደጋ ሳይኖር የአደጋ ምልክት ያስተላልፋል፤ አድሬናሊን በደም ውስጥ ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል። ትንፋሽ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ራስ ይዞራል፣ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ሰውየው «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ይህ ሐሳብ ደግሞ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ጥቃቱ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያው ላይ ደርሶ በራሱ ጊዜ ይበርዳል።

ሕመሙን የሚያሰነብተው ሽሽቱ ነው። ሰውየው ከታክሲው ወርዶ ቤቱ ሲገባ እፎይ ይላል። አንጎሉም «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል። በቀጣዩ ቀን ታክሲ ይቀራል፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ለቅሶና ሠርግ። ጎረቤት «ኮራ»፣ «ሰው ጠላ» ይላል። ቤተሰብም በደግነት ጉዳዩን ሁሉ እየፈጸመለት ሳያውቅ በሩን ይዘጋበታል።

መድኃኒቱ ከዚሁ ይነሣል። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ በተባለው የንግግር ሕክምና፣ ሕመምተኛው ከባለሙያ ጋር የሚፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ እስከ ከባዱ በተራ ያሰፍራል። መጀመሪያ እስከ መንገዱ ጥግ፣ ቀጥሎ አንድ ፌርማታ በታክሲ፣ በኋላ ብቻውን ገበያ ይሄዳል። ፍርሃቱ ሲመጣ አይሸሽም፤ የጠበቀው ጥፋት እንዳልደረሰ እስኪያይ እዚያው ይቆያል። አንዳንዴም ሐኪሙ ደረጃ እያስሮጠ ወይም በፍጥነት እያስተነፈሰ፣ የልብ ምትና የራስ መዞር እንደማይገድሉ በተግባር ያሳየዋል። የድሮው ፍርሃት ከአንጎል አይፋቅም፤ አዲስ ትምህርት ይበልጠዋል እንጂ። ስለዚህ ልምምዱ በተለያየ ቦታና ሰዓት ይደጋገማል።

እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ውጤታቸው ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ ያለ ሐኪም ምክርም አይቋረጡም። እንደ ዲያዜፓም ያሉት ፈጥነው ቢያረጋጉም ሱስ ስለሚያስይዙ ለረጅም ጊዜ አይመከሩም። ተመሳሳይ ስሜት የሚፈጥሩ የልብና የእንቅርት ዕጢ ሕመሞችም አስቀድመው ሊመረመሩ ይገባል።

ጸበል የሚጠመቅም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው ሕክምናውን ጎን ለጎን መከታተል ይችላል። ከቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ «ተወው፣ እኔ እሄድልሃለሁ» አትበሉት። «አይዞህ፣ ዛሬ አብረን እንሂድ፤ ነገ አንተ ትቀድማለህ» በሉት፤ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያም አድርሱት። አጎራፎቢያ የሚታከም ሕመም ነው።