የመጀመሪያ ዙር ውርርድ (ቴኒስ)

የመጀመሪያ ዙር ውርርድ በቴኒስ ግጥሚያ የመጀመሪያውን ዙር ማን እንደሚያሸንፍ በመገመት ገንዘብ የሚያዝበት የውርርድ ዓይነት ነው። ግጥሚያውን በመጨረሻ ማንም ያሸንፍ፣ ውርርዱ የሚለየው በዚያው ዙር ውጤት ብቻ ነው። እዚህ «ዙር» የተባለው በእንግሊዝኛ «ሴት» የሚባለው የጨዋታው ክፍል ነው፤ ቃሉ እንዳለ ቢጻፍ ከጾታው ስም ጋር ይምታታል።

አንድን ዙር የሚያሸንፈው ቢያንስ ስድስት ጌም አግኝቶ ተጋጣሚውን በሁለት ጌም የበለጠ ተጫዋች ነው። 6 ለ 6 እኩል ከሆኑ በታይ ብሬክ ይለያሉ። አብዛኛው ግጥሚያ ሁለት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ የሚያሸንፍበት ነው፤ በአራቱ የግራንድ ስላም ውድድሮች የወንዶች ነጠላ ግጥሚያ ግን ሦስት ዙር ማሸነፍ ይጠይቃል።

ኦድ እና ስሌቱ

ጨዋታው ባጠረ ቁጥር የጠንካራው ተጫዋች ብልጫ ይቀንሳል። አንድ ተጫዋች እያንዳንዱን ዙር የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ ነው እንበል፤ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም ብለን ብንወስድ፣ በሁለት ዙር የሚያልቀውን ግጥሚያ የማሸነፍ ዕድሉ 64.8 በመቶ፣ በሦስት ዙር የሚያልቀውን ደግሞ 68.3 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ለዚህ ተጫዋች በመጀመሪያው ዙር የሚሰጠው ኦድ፣ ማለትም የተያዘው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር፣ ለጠቅላላው ግጥሚያ ከሚሰጠው ከፍ ይላል። ብዙ ተወራራጅ ይህን እንደ ጥቅም ያየዋል፤ ኦዱ ከፍ ያለው ግን የመሸነፍ ዕድሉ ስለጨመረ ነው።

የአቋማሪው ድርሻም ኦዱ ውስጥ ተደብቋል። ለአንዱ ተጫዋች 1.80፣ ለሌላው 2.00 ቢሰጥ፣ ማንም ቢያሸንፍ 100 ብር ለማግኘት የሚፈልግ ሰው በአንዱ 55 ብር ከ56 ሳንቲም፣ በሌላው 50 ብር ማስያዝ አለበት። በድምሩ 105 ብር ከ56 ሳንቲም ከፍሎ የሚመለስለት 100 ብር ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ኦፕን ሁለቱም የነጠላ ፍጻሜዎች የመጀመሪያውን ዙር ያሸነፈው ተሸናፊ ሆኗል። አሪና ሳባሌንካ የመጀመሪያውን ዙር 7 ለ 6 ብታሸንፍም ኮኮ ጎፍ ቀጣዮቹን 6 ለ 2 እና 6 ለ 4 ወስዳ ዋንጫውን አነሳች። በማግስቱ ያኒክ ሲነር ሁለት ዙር ከመራ በኋላ ከ5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ በካርሎስ አልካራዝ ተሸነፈ። በሳባሌንካና በሲነር የመጀመሪያ ዙር ላይ የተወራረዱ ግን ገንዘባቸውን አግኝተዋል።

ተጫዋች ተጎድቶ ሲያቋርጥ ሕጉ እንደየድርጅቱ ይለያያል። በተለምዶ የመጀመሪያው ዙር ካለቀ ውርርዱ ይጸናል፤ ካላለቀ ተሰርዞ ገንዘቡ ይመለሳል።

ከማጭበርበር ጋር ያለው ግንኙነት

ለውጤት አጭበርባሪዎች ይህ ውርርድ ምቹ ነው። የሽልማት ገንዘብም ሆነ የደረጃ ነጥብ የሚወሰነው በዙር ሳይሆን በግጥሚያ ውጤት ስለሆነ፣ ሆን ብሎ የመጀመሪያውን ዙር የለቀቀ ተጫዋች ቀሪዎቹን አሸንፎ ምንም ሳይጎድልበት ሊወጣ ይችላል። ተመልካቹም «ዘግይቶ ነው የሞቀው» ብሎ ያልፈዋል። አደጋው የሚብሰው በዝቅተኛዎቹ ውድድሮች ነው፤ በዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ሥር ጠቅላላ ሽልማታቸው 15 ሺህ ዶላር የሆኑ ውድድሮች አሉ፤ ያም ለተሳታፊዎቹ ሁሉ የሚከፋፈል ነው። ከዚያ ላይ የጉዞና የሆቴል ወጪ ሲቀነስ ለብዙዎቹ የሚተርፍ የለም።

በ2023 እ.ኤ.አ. የቤልጂየም ፍርድ ቤት ግሪጎር ሳርግስያን የተባለውን የማጭበርበር መረብ መሪ በ5 ዓመት እስራት ቀጥቷል። መረቡ ለተጫዋቾች ይከፍል የነበረው ሙሉ ግጥሚያ እንዲሸነፉ ብቻ ሳይሆን አንድ ዙር ወይም አንድ ጌም እንዲለቁም ነበር። እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረምረው ዓለም አቀፉ የቴኒስ ኢንቴግሪቲ ኤጀንሲ ነው፤ ጥፋተኛ የሆነ ተጫዋች እስከ ዕድሜ ልክ ከቴኒስ ሊታገድ ይችላል። ተጫዋቾች፣ አሠልጣኞችና ዳኞች ደግሞ በየትኛውም የቴኒስ ግጥሚያ ላይ፣ ባይሳተፉበትም እንኳ፣ መወራረድ ተከልክለዋል።