ስለ ኀዘንና ስለ ተዝካር፤ ከኤማሁስ መንገድ የተገኘ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ወንጌላዊው ሉቃስ በ24ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፥ ጌታችን በተነሣበት ቀን ከደቀ መዛሙርት ሁለቱ ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ ይሄዱ ነበር፤ ያንዱም ስሙ ቀለዮጳ ይባላል። ፊታቸው ጠቍሮ፥ የሆነውን ሁሉ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር። ጌታም እንደ እንግዳ ተጠግቶ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው።

ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ስለ ምን ጠየቀ ቢሉ፥ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ያዘነ ሰው ኀዘኑን በራሱ አፍ ሲናገር ሸክሙ እንዲቀልለት ነው። አንድም፥ የሚያጽናና ሰው ከመናገሩ በፊት መስማት እንዲገባው ሥርዓት ሲሠራልን ነው። እነርሱም ሁሉን ነገሩት፤ እርሱም ከሰማ በኋላ ከሙሴና ከነቢያት ጀምሮ ተረጐመላቸው። ዐይናቸው የተከፈተው ግን እንጀራውን በቈረሰ ጊዜ ነው። እንግዲህ ኀዘንተኛ በሁለት ነገር እንዲጽናና ከዚህ እናስተውላለን፤ በመነጋገርና በጥቂት እንጀራ በሚደረግ መታሰቢያ።

ስለ መነጋገር። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፥ በልዳዶስና ሶፋር መከራውን ሰምተው ከየአገራቸው መጡ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊትም ከርሱ ጋራ በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ አጽናኞች ነበሩ። መከራው ያገኘው በኀጢአቱ እንደ ሆነ መናገር በጀመሩ ጊዜ ግን በቍስሉ ላይ ቍስል ጨመሩበት፤ እግዚአብሔርም በመጨረሻ ተቈጣቸው። ስለዚህ ወደ ልቅሶ ቤት የሚገባ ካህን የሞቱን ምክንያት አይመርምር፤ እንዲህ ብታደርጉ ኖሮ ባልሞተ ነበር አይበል።

ታዲያ ምን ይነገር ቢሉ፥ የሐዋርያት ሥራ 9ኛው ምዕራፍ ያስተምረናል። በኢዮጴ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶች ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ፥ በሕይወቷ ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት። ልብሱን ስለ ምን አሳዩት ቢሉ፥ የሞተ ሰው የሚታሰበው በእጁ ሥራ ነውና። በእኛም ዘንድ አባት በሞተ ጊዜ ያስታረቀው ጠብ፥ የተከለው ዛፍ፥ ያሳደገው የሙት ልጅ ይነገር። ልጆቹ ያላወቁትን የአባታቸውን ደግነት ከጎረቤት አፍ በሰሙ ጊዜ፥ ሞት ያልወሰደውን ርስት ያገኛሉ።

ቍስል ይቀሰቅሳልና የሟቹን ስም አታንሡ የሚሉ አሉ። ነገር ግን የታፈነ ቍስል ውስጥ ውስጡን ይመግላል እንጂ አይሽርም። ጌታችንም የአልዓዛርን መቃብር ጠይቆ በማርያምና በማርታ ፊት ዕንባውን አፍስሷል። ያልተፈቀደው ተስፋ እንደሌለው ሰው ፊትን መንጨትና ገላን መተልተል ነው፤ ይህን ኦሪት ዘዳግም በ14ኛው ምዕራፍ ይከለክላል። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ለሞተው ሰው አልቅሰን ኋላ እንድንጽናና ይመክረናል።

ስለ መታሰቢያ። ተዝካር የሚለው ቃል ዘከረ፥ ማለት አሰበ፥ ካለው የግዕዝ ግስ ይወጣል። እንግዲህ ተዝካር መታሰቢያ ነው እንጂ ድግስ አይደለም። ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ በአጣድ አውድማ 7 ቀን አለቀሰ፤ እስራኤልም ለሙሴ 30 ቀን አለቀሱ። ቤተ ክርስቲያናችንም በ3፥ በ7፥ በ12፥ በ30፥ በ40፥ በ80 ቀን፥ በመንፈቅና በዓመት ታስባለች። ቀኖቹ ስለ ምን ተራራቁ ቢሉ፥ ልቅሰኛው በተበተነ ጊዜ የኀዘንተኛው ቤት ጭር ይላል፤ ተስፋ መቍረጥም በዚያ ጊዜ ይገባል። የተወሰነው ቀን ጎረቤትን መልሶ ያመጣል። ቀኑ እያደር መራቁም ኀዘንተኛው ጥቂት በጥቂት መቆምን እንዲለምድ ነው።

ለዚህም ጸሎት፥ ጧፍ፥ ንፍሮና ለድኻ የሚቈረስ ዳቦ ይበቃል። መበለት በሬዋን ሸጣ ተዝካር ብታወጣ፥ በክረምት ማሳዋ ጦሙን ያድራል፤ በባሏ ሞት ላይ የልጆቿ ረኃብ ይጨመራል። እናንተ መኳንንት ሆይ፥ ዳሳችሁ በሰፋ ቍጥር ድኻው እናንተን ልምሰል ብሎ እንደሚበደር አስተውሉ። በእናንተ ቤት ተዝካሩ በልክ ቢሆን፥ የድኻው ቤት ከዕዳ ይድናል።

በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 ቀን ጀምሮ በአዲስ አበባ የፋሽስት ወታደሮች የፈጁትን ሕዝብ፥ በዚያውም ዓመት በግንቦት የተገደሉትን የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት እናስብ። ከዘመዶቻቸው ብዙዎች ሬሳ ተቀብለው አልቀበሩም፤ የሚያለቅሱበትንም መቃብር አላገኙም። ነገር ግን በየዓመቱ በየካቲት 12 ቀን በስድስት ኪሎ ሐውልት ዘንድ መታሰቢያቸው ይደረጋል። መቃብር ለሌለው ሰው የሚያስበው ሕዝብ መቃብሩ ይሆንለታል፤ ዘመዶቹም ብቻቸውን የተሸከሙትን ከብዙዎች ጋራ ይሸከሙታል።

ስለዚህ ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፥ ከፍትሐቱ በኋላ ቶሎ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ከኀዘንተኛው አጠገብ ተቀመጡ፤ ስለ ሟቹ ጠይቁት፤ እስኪጨርስም ስሙት። ከዚህም በኋላ የትንሣኤን ተስፋ ንገሩት፤ ልቡ ያን ጊዜ ይቀበላችኋልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።