ተጨማሪ መረጃ፦ የመኪና ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስ

በጅዳ ሂንዳዊያ ሰፈር የሚኖር አሽከርካሪ ማሞቂያ ትዝ የሚለው ከስንት አንዴ ነው። በጥር ሌሊት 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለችው ጣይፍ ሲወጣ ግን የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ተደብቆ የቆየው ብልሽትም ያኔ ይገለጣል።

ማሞቂያው የራሱ እሳት የለውም። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይነፋዋል።

እንዴት ይመረመራል?

• ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ኩላንት ይዩ። ጎድሎ ከሆነ ይሙሉ፤ የሚያፈስበትንም ቦታ ይፈልጉ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም፤ እንፋሎቱ ክፉኛ ያቃጥላል።
• ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች በጥንቃቄ ይዳስሱ።
 – ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ፦ ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚለየው ክዳን ተጣብቋል።
 – አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፦ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች ወይም ቫልቭዋ ተዘግቷል።
 – ሁለቱም ለብ ያሉ ከሆኑ፦ ኩላንቱ ጎድሏል፣ አየር ገብቶበታል ወይም ቴርሞስታቱ (የኩላንቱን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ) ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

ልብ ይበሉ! በሞቃት አገር አንዳንዶች «ሞተሩ እንዳይግል» ብለው ቴርሞስታቱን ያስወጣሉ፤ በኩላንት ፋንታም ተራ ውሃ ይሞላሉ። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በቂ ሙቀት አያገኝም፣ ነዳጅም ይፈጃል፤ ተራ ውሃ ደግሞ ዝገት ፈጥሮ ቱቦዎችን ይደፍናል። የተበላሸ ቴርሞስታት ይቀየራል እንጂ አይወገድም።