አምባዛ ሳር ውስጥ ምን ያደርጋል?

ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ውሃው ከዳሩ አልፎ በግጦሹ መሬት ላይ ይተኛል። በዚህ ጊዜ ማታ ማታ በሳሩ መሐል አንድ ነገር ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ከብት ነው እንዳንል ከብቱ በረት ገብቷል። ሰው ነው እንዳንል በዚያ ጨለማ ሰው ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል? ይህ አምባዛ የሚባለው ዓሣ ነው። ታዲያ ጥልቁን ውሃ ትቶ ወደ ሳሩ ለምን ይመጣል? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ጠባዩን እንወቅ።

መልኩና መኖሪያው

አምባዛ ሰውነቱ ረጅም፣ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ቅርፊት የለውም። ቆዳው ስለሚያሙለጨልጭ ከእጅ ያመልጣል። በአፉ ዙሪያ እንደ ጢም የተንጠለጠሉ 8 ክሮች አሉት። በደረቱ ግራና ቀኝ ባሉት ክንፎች ላይ ደግሞ እንደ እሾህ የሚወጋ አጥንት አለ። ሲያድግ ርዝመቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱም እስከ 60 ኪሎ ሊደርስ ይችላል።

በአገራችን በጣና፣ በሐዋሳ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች፣ እንዲሁም በዓባይ፣ በአዋሽና በባሮ ወንዞች ይገኛል። ከአገራችን ውጪም ከደቡብ አፍሪካ እስከ ግብፅ ድረስ በብዙ ወንዞች ይኖራል።

አደኑ

አምባዛ ቀን ቀን ከታች፣ ከጭቃው አጠገብ ያርፋል። ሲመሽ ለአደን ይወጣል። በጨለማና በደፈረሰ ውሃ ዓይን ብዙም አይረዳም። ስለዚህ በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ምግቡን ይፈልጋል። ትንንሽ ዓሣ ይውጣል። እንቁራሪት፣ ቀንድ አውጣና የውሃ ነፍሳትም ይበላል። የሞተ እንስሳ ቢያገኝም አይተወውም።

ከውሃ ውጪ መተንፈሱ

ሌላው ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ምክንያቱም የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው። ስንጥብ በውሃ ውስጥ የሟሟውን አየር ይወስዳል። አምባዛም ስንጥብ አለው። ከስንጥቡ በላይ ግን ቅርንጫፍ ያወጣ ዛፍ የሚመስል ሌላ መተንፈሻ አለው። ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና በዚህ ይተነፍሳል።

በዚህም የተነሳ ኩሬው ጎድሎ ሌሎቹ ዓሦች ሲያልቁ እሱ በጭቃው ውስጥ ይቆያል። ቆዳው እርጥብ ከሆነ ከውሃ ውጪ ለሰዓታት መኖር ይችላል። መሬቱ በራሰበት ሌሊት በደረቱ እሾሆች እየተመረኮዘ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ይሳባል። ዓሣ በየብስ ሲሄድ አየሁ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ዋሸ አትበሉት።

ጉልበቱ የሚያልቅበት ቦታ

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አምባዛ ወደ ሳሩ የሚመጣው ለመራባት ነው። ሴቷ በሙላቱ ጊዜ ሌሊት እንቁላሏን በሳሩ ላይ ትጥላለች። ትልቅ ከሆነች እንቁላሏ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። እንቁላሉ ከሳሩ ጋር ይጣበቃል። ውሃው ሞቅ ካለ በ1 ወይም በ2 ቀን ይፈለፈላል። እናትም አባትም አይጠብቁትም። ጥለውት ይሄዳሉ። ሲፈለፈል ደግሞ ያ የአየር መተንፈሻ ገና አልወጣለትም። በጭቃ የማይሞተው ዓሣ በዚህ ዕድሜው በቀላሉ ያልቃል።

በሰው እጅ በተቆፈረ ኩሬ ውስጥ አምባዛ በደንብ ይወፍራል። እንቁላል ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ አይጥልም። ስለዚህ አርቢዎች መድኃኒት እየወጉ እንዲጥል ያደርጋሉ። ለዱሩ አምባዛ ግን የሚወጋው የለም። ያለው ያ ሙላትና ያ ሳር ብቻ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንዳንድ ሰው አምባዛ በሙላቱ ተሰብስቦ ሲመጣ በጦር ይወጋዋል። ወይም የወንዙን አፍ በመረብ ይዘጋዋል። ሌላውም የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃው ውስጥ ይበትናል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ጫጩቱንም፣ ቆሮሶውንም፣ ሌላውንም አብሮ ይጨርሳል። ለአንድ ቀን ወጥ ተብሎ የሚመጣው ዓመት ዓሣ ይጠፋል።

ስለዚህ፦

በሙላቱ ወራት ዓሣው ገብቶ እንቁላሉን ይጣል፤ መንገዱን አንዝጋበት።

ብርብራም ሆነ ሌላ መርዝ ውሃ ውስጥ አንጨምር።

በውሃው ዳር ያለውን ሳርና ደንገል ሁሉንም አርሰን አንጨርስ። ጥቂት እናስቀርለት።

ጫጩቱን የሚያስቀር ዓይነ ጠባብ መረብ አንጠቀም።

ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛን የማይበላ ሰው ብዙ ነው። ይህ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ነው። ነገር ግን የማይበላውም ሰው ጎረቤቱ ዓሣ ሸጦ ልጆቹን ያስተምር ይሆናል። ደግሞም መንገዱ ሲዘጋና መርዝ ሲበተን የሚያልቀው አምባዛ ብቻ አይደለም።

ገበሬ ቢቸግረው እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ቆልቶ አይበላም። ቢበላው ከርሞ ምን ይዘራል? በክረምት ሌሊት ሳሩ ውስጥ የሚንቦጫረቀው አምባዛም የውሃው ዘር ነው። ዘሩን ካሳለፍነው ውሃው ሲጎድል የምናጠምደው አናጣም።